ብሬከሩን አትንኩት

ከደብረ ማርቆስ አንዲት የድራማ ክበብ አስተባባሪ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ ለትያትራችን ስድስት ባለ 1000 ዋት ፓውዛ ተከራይተናል። ሁሉንም ስናበራ ጥቂት ደቂቃ ይሠሩና ብሬከሩ ይወርዳል። አንድ ልጅ ባለ 16 አምፔሩን አውጥተን ባለ 32 እንግጠም እያለ ነው። ደግሞ የቡና ትዕይንት አለን። እውነተኛ ከሰል ብናነድ ችግር አለው?»

እህቴ፣ ብሬከሩ ሥራውን እየሠራ ስለሆነ ተዉት።

ሒሳቡን እንየው። ስድስት ፓውዛ 6000 ዋት ነው። ለ220 ቮልት ሲካፈል 27 አምፔር ግድም ይመጣል። መስመሩ የተዘረጋው ለ16 ነው። ሾርት ቢሆን ኖሮ በቅጽበት ይጥል ነበር፤ ጭነት ሲበዛበት ግን ውስጡ ያለችው ብረት ግላ እስክትጎብጥ ይቆያል። በእነዚያ ደቂቃዎች ሽቦውም አብሮ እየጋለ ነው። ባለ 32 ብትገጥሙ መብራቱ አይጠፋም፣ እውነት ነው፤ ግን ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ (የሶኬት መስመር ብዙ ጊዜ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ነው) ትያትሩ እስኪያልቅ ሲጋገር ያመሻል፣ ልባሱ ሊቀልጥ ይችላል፣ እሳቱ የት እንደሚነሳም አታውቁም።

መፍትሔው ጭነቱን መከፋፈል ነው። በአንድ መስመር ሁለት ፓውዛ ብቻ፣ 9 አምፔር ያህል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሌላ ሶኬት ማለት ሌላ መስመር ማለት አይደለም። ቦርዱ ጋ ሂጂና ብሬከሮቹን አንድ በአንድ አውርጂ፤ ሌላ ሰው የስልክ ቻርጀር ይዞ የትኛው ሶኬት እንደሞተ ይይ፣ በወረቀትም ይለጥፍበት። ሦስት መስመር ካላገኛችሁ ኤሌክትሪሺያን ከዋናው ቦርድ ለብቻው መስመር ያውጣላችሁ፣ ወይም ፓውዛዎቹን በኤልኢዲ ለውጡ። ስድስት ባለ 200 ዋት ኤልኢዲ ተደምሮ ስድስት አምፔር እንኳ አይሞላም።

ኤክስቴንሽኑን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ዘርጉት። እኔ ባሕር ዳር አንድ አዳራሽ ውስጥ የተረፈውን ኬብል እንደተጠቀለለ ከወንበር ሥር ትቼው ነበር። ሁለተኛው ገቢር ላይ የላስቲክ ሽታ መጣ። ደርሼ ስነካው ከላይ ያሉት ዙሮች ለብ ያሉ ናቸው፤ መሃል ያሉት ግን ተጣብቀው አንድ ሆነዋል፣ በቢላ እንኳ አልላቀቅ አሉ። ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ነው። ስለዚህ በልምምድ ቀን ሁሉንም ለግማሽ ሰዓት አብሩ፣ አጥፉ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ስፒና ነቅላችሁ በእጃችሁ ጀርባ ዳብሱት። የሚፋጅ ወይም እግሩ የጠቆረ ካለ ከነሶኬቱ ይቀየር። በናስትሮ የተቀጠለ ኬብል ምንጣፍ ሥር አይግባ። ፓውዛዎቹ ከመጋረጃው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቁ፤ ከማሰሪያቸው ሌላም መያዣ ሰንሰለት ይኑራቸው።

ከሰሉ? አይሆንም። ሰው ሁሉ ፍንጣሪውን ይፈራል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ከመድረክ ጀርባ የሚሆነው ነው። ማርቆስ ማታ ብርዱ የታወቀ ነው። ልጆቹ ተራቸውን ሲጠብቁ ማንደጃዋን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ያስገቡና በር ዘግተው ይሞቃሉ። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) ሽታ የለውም። ራስ ሲያምና ሲያቅለሸልሽ የመድረክ ፍርሃት ነው ብለው ያልፉታል፤ ሰው ግን ይሞትበታል። ይህ ከተሰማችሁ ወዲያው ሁሉም ይውጣ፣ በሩ ይከፈት፣ የታመመው ሐኪም ይየው።

ማንደጃዋን አመድ ሙሏት፣ በባትሪ የምትሠራ ቀይ አምፖል ቅበሩባት፣ ጥቁር ከሰል ላይ ላዩን ደርድሩ። ከፊት ወንበር እንኳ እሳት ይመስላል። ቄጤማው በዕለቱ የታጨደ ይሁን፤ ከልምምድ የተረፈ ደረቅ አትጎዝጉዙ። ቡናው ውጭ ይፍላና ጀበናው በትኩሱ ይግባ፣ እንፋሎቱን ተመልካቹ ያየዋል። ብቻ ጀበናውን የምታስገባው ልጅ በምታልፍበት መንገድ ላይ ምንም ኬብል እንዳይኖር፤ ሌላ መንገድ ከሌለው ዳር እስከ ዳር መሬት ላይ ይለጠፍ፣ ነጭ ፕላስተርም ይደረግበት። በጨለማ ትኩስ ጀበና ይዛ ነው የምትራመደው።