መሮጥ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፤ ርቀቱንም በየቀኑ እጨምራለሁ። አሁን ስሮጥ የቅልጥሜን ውስጠኛ ጎን ያመኛል፤ ላቁም?

ሩጫውን ለ2 ሳምንት ያህል አቁም፤ እንቅስቃሴውን ግን አታቁም። መሮጥ በጀመርክ በሦስተኛው ሳምንት የቅልጥምህን ውስጠኛ ጎን ያመመህ፣ እንደጻፍከው ርቀቱን በየቀኑ ስለጨመርክ ነው። ትንፋሽ ቶሎ ይለምዳል፤ አጥንት ግን ጊዜ ይፈልጋል።

እስከዚያው ብስክሌት ንዳ ወይም ዋኝ። ፈጠን ብለህ ስትራመድ ሕመም ካልተሰማህ ተመለስ፦ 1 ደቂቃ ሩጫ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ አንድ ቀን እየዘለልክ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ቅልጥምህን ከላይ እስከ ታች በጣትህ እየተጫንክ ፈትሽ። ሕመሙ በአንዲት ነጥብ ላይ ብቻ የሚወጋ ከሆነ፣ ወይም ተኝተህም ከጠዘጠዘህ፣ ሐኪም ሳያይህ አትሩጥ። እኔ እንዲህ ያለውን ሕመም በማስታገሻ ሸፍኜ ሮጥኩና አጥንቴ ተሰንጥቆ ሳምንታትን በክራንች አሳለፍኩ።