ወሎ ለምትገቡ፦ ስልኩ የሚላችሁን ሩብ ሰዓት አትመኑ

ሰሞኑን አንዲት የደሴ ልጅ፣ ከአገር ከወጣች አሥር ዓመት ያለፋት፣ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ኮምቦልቻ ወርጄ እማዬን አያለሁ፣ ከዚያ በማግስቱ በአውሮፕላን ላሊበላ እሄዳለሁ። ስልኬ 127 ኪሎ ሜትር፣ ሩብ ሰዓት ይላል።» ሳቄ መጣ። እኔም በመጀመሪያው ጉዞዬ እንዲሁ ነው የተሸወድኩት።

127ቱ ውሸት አይደለም። ከኮምቦልቻ ኤርፖርት እስከ ላሊበላ ኤርፖርት በሰማይ ቀጥታ ብታሰምሩ ያን ያህል ነው። ግን ስልኩ ርቀቱን ለፍጥነት ያካፍላል እንጂ በዚያ መስመር የሚበር አውሮፕላን አለ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ለኮምቦልቻ መውጫው ቦሌ ነው። ስለዚህ ወደ 255 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ ትመለሳላችሁ፣ ከዚያ ደግሞ 335 ገደማ ወደ ላሊበላ። 127ቱን ለመሻገር 590 ኪሎ ሜትር በአየር! እያንዳንዱ በረራ አንድ ሰዓት ቢሆን እንኳ ቀድሞ መድረሱ፣ ፍተሻው፣ ቦሌ ላይ መጠበቁ ሲደመር ቀኑ አለቀ። ሰዓቱ ካልገጠመ አዲስ አበባ ማደር ነው።

በመኪናስ? ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ መርሳን እያያችሁ። ከወልድያ ድልብን ሽቅብ ወጥታችሁ ጋሸና፣ ከጋሸና ወደ ቀኝ ታጥፎ ላሊበላ። ሁሉም ሲደመር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያውም ዳገትና ጠመዝማዛ። ሌሊት ተነስታችሁ ሙሉ ቀን መድቡለት። ከሁሉ በፊት ግን መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያው ላሉት ደውላችሁ ጠይቁ፣ ያውም በምትነሱበት ጠዋት። እኛ ውጭ ሆነን የሰማነው ወሬ ወይ አርጅቷል ወይ ተጋኗል።

መንገዱ ክፍት ከሆነ እኔ የምመክረው ይሄን ነው፦ ትኬቱን በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል መውጣት። በአውሮፕላን ላሊበላ ግቡ፣ በመኪና ደሴ ውረዱ፣ ከኮምቦልቻ ተሳፍራችሁ ቦሌ። ከውጭ የገባችሁት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ የአገር ውስጡ ትኬት ቅናሽ ስላለው ስትቆርጡ ጠይቁ። ለገና ከሆነማ ቀድማችሁ ያዙ፣ በኋላ ቦታ የለም።

ሰዓቱን ደግሞ ልብ በሉ። ትኬቱ ላይ 7:00 ካለ ጠዋት 1 ሰዓት ማለት ነው። ይቺን ለሚሸኛችሁ ዘመድ በቃል ንገሩት፣ ትኬቱን ብቻ አትላኩለት። የኔ አጎት 7 ሰዓት የሚለውን አይቶ ምሳ አብልቶ ሊሸኘኝ ሲዘጋጅ አውሮፕላኑ ሄዶ ነበር።

ደግሞም ኤርፖርቱ ያለው ኮምቦልቻ ነው እንጂ ደሴ አይደለም፣ 25 ኪሎ ሜትር አለ፣ ያውም ሐረጎን ወርዶ። የበረራ ቀን ጠዋት «ቡና ጠጥታችሁ ሂዱ» መባሉ አይቀርም፣ ወሎ ውስጥ ደግሞ በረካው ሳይቀመስ፣ ምርቃቱ ሳያልቅ ንቅንቅ የለም። ቡናው ከንጋቱ በፊት እንዲፈላ ማታውኑ ተነጋገሩ።

ልጅቷን «አብሽሪ፣ ይስተካከላል» አልኳት። ትኬቷን ቀይራ በላሊበላ ልትገባ ነው። መጀመሪያ እሳቸው ጋ እንደማትመጣ ግን እናቷ ገና አልሰሙም።