የምወደው ደራሲ ግራ አጋባኝ

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎት ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። አጫጭር ልቦለዶቹን ለዓመታት እያሳደድኩ ያነበብኩለት ደራሲ የመጀመሪያ ረጅም ልቦለዱን አወጣ። ገና ሳይታተም ለጓደኞቼ ሁሉ አውርቼለት ነበር። በ600 ብር ገዛሁት። ጠዋት ጠዋት ወደ መገናኛ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ አነባለሁ። ግን ማን እንደሚተርክ እንኳ አይገባኝም! ገጽ 40 ላይ እናትየው ተቀበረች፤ ገጽ 63 ላይ ቡና ትቆላለች። ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሼ አየሁ። በጣም ነው ያዘንኩት። ችግሩ የኔ ይሆን?

እህትዎ

መልስ፦ እህቴ፣ ችግሩ ያንቺ አይመስለኝም። አጭር ልቦለድ ላይ የተካነ ሰው ብዙውን ነገር ሳይናገር ማለፍ ይለምዳል። በአምስት ገጽ ውስጥ ያምራል፤ በ300 ገጽ ግን አንባቢን ያደክማል።

ቢሆንም ቶሎ አትፍረጂ። የዳኛቸው ወርቁ ረጅም ልቦለድ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ «ማንበቡ ከበደን» ያሉ ብዙዎች ነበሩ። እኔም መጀመሪያ ስሞክረው መሀል ላይ ጥዬዋለሁ። በኋላ ምልልሶቹን ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነባቸው ተከፈተልኝ። ዛሬ ከእጄ አይለይም።

እስቲ እሑድ ከሰዓት፣ ቤት ውስጥ፣ እርሳስ ይዘሽ ተቀመጪ። የተራኪውን ስም ከገጹ ዳር ጻፊ። ገጽ 63 ላይ ደግሞ ግሡን በደንብ እዪው። «ትቆላ ነበር» ካለ ትዝታ ነው። «ትቆላለች» ካለ ግን ሕልም ወይም ቅዠት መሆኑን የሚጠቁም ነገር በአካባቢው ፈልጊ። ከሌለ ጥፋቱ የደራሲውና የአርታኢው ነው። ያኔ ያለ ጸጸት ዝጊውና ወደ አጫጭሮቹ ተመለሺ። እነሱ አሁንም ያንቺው ናቸው።