ከገንዘቡ በፊት ውሉን አንብቡ

ወደ በጎ አድራጎት ሥራ የምትገቡ ልጆች፣ ስለ አንድ ድጋፍ ስትሰሙ መጠኑን ቆየት አድርጋችሁ ውሉን ጠይቁ። ገንዘቡ ፍትሕን ያቅርብ ያርቅ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ጁሊየስ ሮዘንዋልድ የተባለው አሜሪካዊ ባለጸጋ ያቋቋመውን ፈንድ ውሰዱ። እስከ 1932 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ለጥቁር ልጆች ወደ 5,000 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች በእርዳታው ተሠርተዋል። ንድፉ እንኳ የታሰበበት ነበር፤ ገጠሩ የኤሌክትሪክ መብራት ስላልነበረው፣ ትልልቆቹ መስኮቶች የጠዋቱንና የከሰዓቱን ፀሐይ እንዲያስገቡ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ይዞራሉ። ፈንዱ ግን ሙሉ ወጪውን አይሸፍንም። ሕዝቡም የአካባቢው መንግሥትም ድርሻቸውን ካላዋጡ ገንዘብ የለም። በዚህ ደንብ ለጥቁር ልጆች ሳንቲም ይሰስት የነበረው መንግሥት ከወጪው ከግማሽ በላይ ከፈለ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል ግን ግብሩን የከፈለው ጥቁር ገበሬ ለዚያው ትምህርት ቤት ዳግመኛ አዋጣ። ጥቁሮቹ ያዋጡት ሲደመር ፈንዱ ከሰጠው ጥቂት በለጥ ይላል። ልጆቹን በቀለም የሚለየው ሕግም እንዳለ ቀረ። እሱን የጣለው እስከ 1954 እ.ኤ.አ. የዘለቀ የፍርድ ቤት ክርክር ነው። ለጠበቃ ደመወዝ ደግሞ ሪባን አይቆረጥም፤ ለጋሽ የማይሽቀዳደምበትም ለዚህ ይመስለኛል።

ውሉ እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ የሥራ ማስኬጃውን ፈልጉ። የፕሮጀክቱ ቀጥተኛ ወጪ 100 ቢሆንና ኪራዩ፣ ሒሳብ ሠራተኛው፣ ኦዲቱ በእውነት 25 ቢፈጁ፣ ውሉ ግን ከ10 በላይ ባይፈቅድ፣ 15 ጎደለ። ጉድለቱን የሚሞላው ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት ነው፤ ወይም ወጪው በሌላ ስም ይጻፋል፤ ኋላም ድርጅቱ "አጭበርባሪ" ይባላል። ቀጥሎ ዘመኑን እዩ። የ12 ወር ድጋፍ 2 ወሩ በቅጥር፣ የመጨረሻው 3 ወር በሪፖርትና ቀጣይ ገንዘብ በማፈላለግ ካለቀ፣ ለሥራው 7 ወር ቀረው። መብት የሚያስከብር ሥራ በ7 ወር አያልቅም፤ ቢያንስ የ3 ዓመት ውል፣ ያውም በአንድ ፕሮጀክት ያልታሰረ ገንዘብ ይፈልጋል።

"ያለ ለጋሹ ፈቃድ መግለጫ አይሰጥም" የሚል አንቀጽ ካለ እሱን አስሰርዙ። ለጋሹ ፋብሪካ ያለው ከሆነማ፣ ስለ ሠራተኞች ደመወዝ የሚናገረውን አፍ ገዛው ማለት ነው።

እናንተ ሰጪ ወገን ስትሆኑ ደግሞ መልስ አታዘግዩ። ማመልከቻውን ካልተቀበላችሁት በ2 ሳምንት ውስጥ ምክንያቱን ጽፋችሁ ላኩ። እናንተ ዝም ባላችሁበት ወር ሁሉ ድርጅቱ ሠራተኞቹን በተስፋ ያቆያል፣ ኪራይም ይቆጥርበታል።