«ልክ እንደ ፊልም» ለማለት ለምትቸኩሉ

ልጆቼ፣ እዚሁ ጅማ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ስለዚህ ፊልምና ልብ ወለድ የሚጠላ ሽማግሌ አድርጋችሁ እንዳታዩኝ። እንጀራዬ ነበር። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። አደጋ ሲደርስ፣ ሬሳው እንኳ ሳይነሳ፣ ቴሌግራም ላይ «ይሄማ ያ ፊልም ነው» የሚለው ይቀድማል። ነፍስ ይማር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ከመጣ።

ከአደጋ የተረፈ ሰው «ፊልም መሰለኝ» ቢል አይፈረድበትም። ዓይኑን ማመን አቅቶት ነው። ሐዘኑ የራሱ ነው፣ በፈለገው ይመስለው። በ1912 እ.ኤ.አ. ከታይታኒክ የተረፈችው ተዋናይት ዶሮቲ ጊብሰን፣ በወሩ ገደማ ለእይታ በበቃ ፊልም ላይ የራሷን መትረፍ ተውናለች። ያውም ያን ሌሊት የለበሰችውን ልብስ ለብሳ! እኔን ይከብደኛል። እሷን ለመውቀስ ግን አፌን አልከፍትም።

የሩቅ ተመልካች ሲሆን ነገሩ ይለያል። አንዴ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ለቅሶ ቤት ተቀምጠናል። ስለ ሟቹ የመኪና አደጋ ሲወራ አንድ ጎረምሳ አንድ ያየውን ፊልም መተረክ ጀመረ። ክፋት አልነበረበትም። ፍራሽ ላይ የተቀመጠችው የሟች እህት ዝም ብላ ስታዳምጠው ቆየችና «እዛ ላይ ይተርፋል?» አለችው። ልጁ የሚለው ጠፋው። ፊልሙ ላይ ሰውየው ይተርፋል።

ደግሞ ልብ ወለድ ሲጠሩት ብቻውን አይመጣም፤ ጥፋተኛና ጀግና ይዞ ነው የሚመጣው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሳው አውሮፕላናችን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ፣ ምርመራው ሳያልቅ ጣቱን አብራሪዎቹ ላይ የቀሰረ ነበር። የሚሳሳት አብራሪ የለመድነው ታሪክ ነዋ። መጋቢት 26 የቀረበው የመጀመሪያ ሪፖርት ግን አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን እርምጃ ደጋግመው መውሰዳቸውን ገለጸ። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ሲደፋ የነበረው ከአንድ ዳሳሽ የተሳሳተ መረጃ የደረሰው ሶፍትዌር ነበር። በሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ ደግሞ በናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡትን ሌላ ናዳ ቀበራቸው። ተማሪዬ ይህን ድርሰት አድርጎ ቢያመጣልኝ «አበዛኸው» ብዬ እመልስበት ነበር።

ታዲያ ስንት ጊዜ እንጠብቅ ትሉኝ ይሆናል። ቁጥር የለኝም። የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው፣ የአቴናውያን ዘመድ የነበረችው የሚሊጢን ከተማ በፋርሶች እጅ ስትወድቅ ፍሪኒኩስ የተባለ ጸሐፌ ተውኔት መከራዋን አቴና መድረክ ላይ አወጣው። ተመልካቹ በሙሉ አለቀሰ። ከዚያ «የራሳችንን ቁስል ነካህብን» ብለው 1,000 ድራክማ ቀጡት፣ ተውኔቱም ዳግም እንዳይታይ ከለከሉ። ቅጣቱን አልደግፍም፤ ቁጣቸው ግን ይገባኛል።

እጃችሁን የሚበላችሁ ካላችሁ ጻፉ። የዛሬውን ዛሬ ካልያዛችሁት ይጠፋል። ደብተራችሁ ውስጥ ይቀመጥ፤ ልታወጡት ስታስቡ ቤተሰቡ ቀድሞ ይየው። ድንኳኑ እስኪነሳ ግን ለክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፣ ለሙስሊሙ «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» በሉና አግዳሚ ወንበር ተሸከሙ። እድሩ ሁሌም ጉልበት ያለው ልጅ ያጥረዋል።