መልስ፦ የሃንጋሪ ጦር ለሩሲያውያን እጅ የሰጠበት ምክንያት

ዐውደ ርእዩ የሚተርከው ከኦስትሪያ ጋር ስለተደረገው የነጻነት ጦርነት ሆኖ ሳለ፣ የሃንጋሪ ጦር ቪላጎሽ በተባለ ስፍራ ለሩሲያውያን እጅ የሰጠው ለምን እንደሆነ ላቀረቡት ጥያቄ ምላሹ፣ የጦርነቱን ውጤት የወሰነው የሩሲያ ጣልቃ ገብነት መሆኑ ነው።

ሃንጋሪያውያን ሜይ 21 ቀን 1849 እ.ኤ.አ. የቡዳን (የዛሬዋ ቡዳፔስት አካል) ምሽግ መልሰው ይዘው ነበር፤ ይሁን እንጂ ወጣቱ የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ የሩሲያውን ዛር የኒኮላስ 1ኛን እርዳታ በመጠየቁ፣ ወደ 200,000 የሚጠጋ የሩሲያ ሠራዊት ወደ አገሪቱ ዘመተ። የሃንጋሪ ጦር አዛዥ ጄኔራል ገርጌይም ኦገስት 13 ቀን ትጥቁን ለኦስትሪያ ሳይሆን ለሩሲያ ማስረከብን መረጠ። ይህ ግን መኮንኖቹን አላዳናቸውም፤ ለኦስትሪያ ተላልፈው ተሰጡና ኦክቶበር 6 ቀን 13ቱ የጦር አዛዦች በአራድ ተገደሉ፣ አራቱ በጥይት፣ ዘጠኙ በስቅላት።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። የዚህን ጦርነት ዐውደ ርእይ አይተው ሲወጡ ገርጌይን «ከሃዲ» የሚሉ ጎብኚዎችን ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ክሱን ያሰራጨው የሃንጋሪ የነጻነት ትግል መሪ የነበረው ኮሹት ከስደት በጻፈው ደብዳቤ ነው፤ ዛሩ አማልዶት ገርጌይ ከሞት መትረፉም ጥርጣሬውን አባባሰው። ነገር ግን ኮሹት ራሱ ኦገስት 11 ቀን ሥልጣኑን ለገርጌይ አስረክቦ ወደ ኦቶማን ግዛት አቅንቶ ነበርና፣ የዐውደ ርእዩን መግለጫዎች ሲያነቡ ይህን ቀን አስቀድመው ያስተውሉ።