«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ለልጆች መጫወቻም ይሠራል?

ጥምቀት ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆነው። ታቦታቱ ወደ መንበራቸው ገብተዋል። ከፋሲለደስ መዋኛ እስከ ፒያሳ አስፋልት ዳር የተሸጠው መጫወቻ ግን በየቤታችን አለ። ግማሹ ተሰብሯል። ግማሹ አሁንም ይጮሃል።

እኔም ለወንድሜ ልጅ ዘፋኝ ስልክ ገዝቼላት ነበር። ሮዝ ነው፤ ቁልፉን ሲጫኑት በማይገባ ቋንቋ ይዘፍናል። በሦስተኛው ቀን ዝም አለ። ገልበጥ ሳደርገው የባትሪው ክዳን ብሎን የለውም። በአውራ ጣቴ ጥፍር ገፋ አደረግሁት፣ ተከፈተ። ከሽምብራ ተለቅ የሚሉ ሦስት የሰዓት ባትሪዎች ሶፋው ላይ ተበተኑ። ሁለቱን ወዲያው አገኘሁ። ለሦስተኛው ምንጣፍ አነሳሁ፣ ሶፋ ገለበጥኩ፣ የሁለት ዓመቷን ልጅ አፍ ከፍቼ አየሁ። በመጨረሻ የተገኘው የገዛ ጫማዬ ውስጥ ነው።

ይህን ባለፈው ዓምዴ ጠቀስ አድርጌ «እንዲህ ያለ ዕቃ ከገበያ መሰብሰብ አለበት» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የተወሰኑትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጅ የሰዓት ባትሪ ቢውጥ በሰገራ ይወጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው? (የአንድ ልጅ እናት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሆድ ከደረሰ አብዛኛውን ጊዜ ይወጣል። ጣጣው ጉሮሮ ላይ ከቀረ ነው። በተለይ ያ 20 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ የሊቲየም ባትሪ በትንሽ ልጅ የምግብ ቧንቧ ላይ ልክ ይሰካል። እርጥበቱ ኤሌክትሪኩን ያገናኘዋል፤ እንደ ኃይለኛ በረኪና የሚያቃጥል ነገር እዚያው ይፈጠራል። ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ቧንቧውን ክፉኛ ሊጎዳው ይችላል። መጫወቻውን ማንቀሳቀስ ያቃተው፣ «አልቋል» ያልነው ባትሪም ለዚህ የሚሆን ጉልበት አያጣም።

ስለዚህ «እስቲ እስከ ጠዋት እንየው» የሚባል ነገር የለም። ባጃጅ ይዘሽ ቀጥታ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል። ራጅ ይነሳ። እንዲያስመልሰው አታድርጊ። ምግብም ውሃም አትስጪው። የሚፈቀደው ማር ብቻ ነው። ልጁ ዓመት ካለፈው፣ መዋጥ ከቻለ፣ ባትሪውን ከዋጠም ግማሽ ቀን ካልሞላው፣ ሆስፒታል እስክትደርሱ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስጪው፤ ከስድስት ጊዜ አይበልጥ። ማሩ ባትሪውን ሸፍኖ ቃጠሎውን ያዘገያል እንጂ አያድንም። ስለዚህ ማር ፍለጋ ጎረቤት ስታንኳኪ እንዳትዘገዪ። ዓመት ላልሞላው ደግሞ ማር ክልክል ነው።

ለሐኪሙ «ቤት ውስጥ ባትሪ ጠፍቶብኛል» ብለሽ ንገሪው። ራጅ ላይ ሳንቲም ሊመስል ይችላል። ሳንቲም ሲሆን አንዳንዴ ይጠበቃል፣ ባትሪ ሲሆን አይጠበቅም። አፍንጫና ጆሮ ውስጥ የገባም ያው ነው፤ ቶሎ መውጣት አለበት።

ጥያቄ፦ አንድ ሁለት ልጅ ተጎዳ ተብሎ በሚሊዮን የሚቆጠር መጫወቻ ከገበያ መሰብሰብ ማካበድ አይደለም? ልጁን መጠበቅ የወላጅ ሥራ ነው። (የሕግ ተማሪ፣ ከማራኪ)

መልስ፦ በግማሹ እስማማለሁ። ቡሄ ሲደርስ ጅራፍ የማያጮህ ልጅ የለም። ወንጭፍም አለ። ሁለቱም ዓይን ያጠፋሉ። ግን ወንጭፍ ይሰብሰብ የሚል ሰው ቢመጣብኝ እስቃለሁ። አደጋው ፊት ለፊት ነዋ! ልጇ ወንጭፍ ሲወጥር ያየች እናት «ተው!» ለማለት የማንም ምክር አያስፈልጋትም።

ማግኔት ሌላ ነው። ትንሽና ኃይለኛ የሆነች አንዲት ማግኔት ብትዋጥ ልታልፍ ትችላለች። ሁለት ሲሆኑ ግን በተለያየ የአንጀት እጥፋት ሆነው ይሳሳባሉ። መሐል ያለውን የአንጀት ግድግዳ ቆንጥጠው ይይዙታል፣ ይበሳል። ልጁ መጀመሪያ የሚያሳየው ቁርጠትና ትውከት ነው። ይህን አይታ ማግኔት የምትጠረጥር እናት የት አለች? እኛ ቤት ቢሆን መጀመሪያ የሚፈለገው ጤና አዳም ነው።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 የ20 ወር ሕፃን በዚሁ ሞተ። የታላላቆቹ የማግኔት መገጣጠሚያ መጫወቻ ተሰንጥቆ ምንጣፍ ላይ የወደቁ ማግኔቶች ነበር የዋጠው። በቀጣዩ ዓመት 3.8 ሚሊዮን ያህሉ እንዲሰበሰብ ጥሪ ተደረገ። በዛ? እኔ አልልም። ያ የሚሰነጠቅ ፕላስቲክ በሌሎቹም ቤት ነበር። ቤተሰቡን ዝርክርክ ነው ብሎ መክሰስም አይቻልም፤ ካርቶኑ ላይ ያልተጻፈ ነገር ከየት ያውቁታል? ስለዚህ የእኔ ሚዛን እንዲህ ነበር፦ የተደበቀው አደጋ ይሰበሰብ፣ የሚታየው ለወላጅ ይተው።

«ነበር» ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። አሜሪካኖች ሣር ላይ የሚወረውሩት፣ ጫፉ ብረት የሆነ ትልቅ ቀስት መሳይ መጫወቻ ነበራቸው። አደጋው ለማንም ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት፣ ከልጆች መጫወቻም ጋር እንዳይሸጥ ተወሰነ። ሱቆቹ ግን ደባልቀው ሸጡት። ሦስት ልጆች ሞቱ። የሰባት ዓመት ልጁን የቀበረ አንድ አባት አላርፍ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ጨርሶ ታገደ። እዚህ ላይ ሚዛኔ ተንገዳገደ። የሚታይ አደጋም ቢሆን መጫወቻ ተብሎ፣ በሚያምር ካርቶን ተሽጎ ሲመጣ ያዘናጋል። ወንጭፍን ማንም በካርቶን አሽጎ አልሸጠልንም።

«ወላጅ ይጠብቅ» የሚለው ደግሞ ተሞክሯል። እነዚያ እንደ ዶቃ ትንንሽ የሆኑ የማግኔት ኳሶች እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 ጥብቅ ደንብ ወጣባቸው። ነጋዴው ከሰሰ፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2016 ደንቡን ሻረው። ከዚያ በኋላ ማግኔት ተዋጠ ብለው ወደ መርዝ መረጃ ማዕከላት የሚደውሉ ሰዎች ብዛት በእጥፍ ድርብ ጨመረ። በ2022 አዲስ ደንብ ወጣ። መሐል ላይ ወላጆቹ በአንድ ጊዜ አልሰነፉም፤ የተነሣው ደንቡ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍህ ርዕስ ከፈለግህ ይህን መዝገብ እየው።

ጥያቄ፦ አራዳ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የድርጅት ስም የሌለው የማግኔት መገጣጠሚያ ግማሽ ካርቶን ቀርቶኛል። አሜሪካ ያለች እህቴ ተመሳሳዩ እንደተሰበሰበ ፎቶ ላከችልኝ። ብጥለው ኪሳራው የኔ ነው። የሚከፍለኝ አለ? (ባለሱቅ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ የሚከፍልህ ሰው ማግኘት ይከብድሃል። እዚያ አገር አምራቹ ወይም አስመጪው ይጠራል፤ ገንዘብ ይመልሳል ወይ ይቀይራል። ይህ የሚሆነው ዕቃው ስም፣ የምርት ቁጥርና ደረሰኝ ስላለው ነው። ያንተ ካርቶን ከአስመጪው መርካቶ ጅምላ ሻጭ ጋ ሄደ፣ ከዚያ በአይሱዙ ጎንደር ገባ። መንገድ ላይ ስሙም ደረሰኙም ተንጠባጥቦ ቀረ። አሁን «ይሰብሰብ» ቢባል ማን አቤት ይላል?

ጠሪው በሚታወቅበት አገር እንኳ ጥሪው ሁሉም ቤት አይደርስም። የሕፃናት ዕቃ አምራቹ የአሜሪካ ኩባንያ ፊሸር ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ2019 ሕፃን ማስተኛ ዕቃውን 4.7 ሚሊዮን ያህል ሰብስቡልኝ አለ። በ2023 ያንኑ ጥሪ መድገም ግድ ሆነ። ከመጀመሪያው ጥሪ በኋላ ቢያንስ 8 ሕፃናት እዚያው ማስተኛ ላይ መሞታቸው ተነግሮ ነበር። ዕቃው በየሰዉ ቤት ቀርቷል ማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር አድርግ። ከካርቶኑ አንዷን አውጣ። ማግኔቷን በጥፍርህ፣ ቀጥሎ በቢላ ጫፍ ሞክራት። ከወገብህ ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ጣላት፣ ደጋግመህ። ከዚያ ርገጣት። ማግኔቷ ከወጣች ቀሪውን አትሽጥ፤ ፎቶ አንስተህ ለጅምላ ሻጭህ ላክና ተሟገት። ኪሳራው በሙሉ የመጨረሻው ሻጭ ትከሻ ላይ መውደቁ አግባብ አይደለም፤ ከአስመጪው ጀምሮ ሊሸከሙት ይገባል። እነሱ እስኪገኙ ቶሎ ቶሎ ሸጦ መገላገል ግን አይሆንም። የሚገዛህ ሰው እኮ የሰፈርህ ነው።

ሌላም ልጨምር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ መልሶ «ቀይርልኝ» ወይም «ገንዘቤን ስጠኝ» እንዲል መብት ይሰጠዋል። ግድግዳህ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ከለጠፍክ (ሁላችሁም ጋ አለች፣ በቀይ እስክሪፕቶ) ጉድለት ላለበት ዕቃ አትጠቅስብኝ።

ጥያቄ፦ ችግሩ ሁሉ ቻይና ሠራሽ ስለሆነ አይደለም? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ቻይና ላይ ማላከክ ቀላል ነው። ማቴል፣ ያ የባርቢ ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ መጫወቻ ሰበሰበ። ወሬው ሁሉ «የቻይና መርዘኛ ቀለም» ሆነ። በቀለሙ ውስጥ እርሳስ መገኘቱ እውነት ነው፣ ኩባንያውም ኋላ 2.3 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቶበታል። ግን አብዛኛው የተሰበሰበው በማግኔት ምክንያት ነበር። ማግኔቱ እንዲወልቅ ሆኖ የተነደፈው ደግሞ በራሱ በማቴል ነው። በዚያው ዓመት አንድ የኩባንያው ኃላፊ ቤጂንግ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ፋብሪካው የታዘዘውን ነው የሠራው። የኛ አስመጪም «ርካሹን ስጠኝ» ሲል ርካሹን ይሰጡታል።

ጥያቄ፦ ልጄ እርሳስ ያኝካል። እርሳስ መርዝ ነው ሲባል ሰማሁና ደነገጥኩ። ልቀማው? (እናት)

መልስ፦ ያስደነገጠሽ አማርኛችን ነው። የመጻፊያው እርሳስ ውስጡ ግራፋይትና ሸክላ ነው፣ እርሳስ የሚባለው ብረት የለበትም። መርዙ ጥይትና የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ብረት ነው። እሱ በአንዳንድ ቀለም ውስጥ ይገባል፣ በተለይ በደማቅ ቢጫና ቀይ። የሕፃን ሆድ ከአዋቂ ይልቅ በብዛት ይመጠዋል፤ የሚጎዳውም አእምሮን ነው። «ይህን ያህል ቢሆን ግድ የለም» የሚባል መጠን የለውም። አገራችንም በደንብ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) በላይ እርሳስ ያለው ቀለም ከልክላለች። እና ቀለሙ የሚላጥ አሮጌ መጫወቻ ካለ እሱን ጣይ። እርሳሱን ይጻፍበት። ጫፉ ላይ ያለችውን ላጲስ ግን ነቅሎ እንዳይውጥ።

ጥያቄ፦ ለሁለት ዓመት ልጅ የትኛው ዕቃ ትንሽ፣ የትኛው ትልቅ እንደሆነ በምን ልለካ?

መልስ፦ መርማሪዎች 31.7 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ጎድጓዳ መለኪያ አለቻቸው። ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ የገባ ነገር ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ቤት ውስጥ የሶፍት ጥቅል መሐል ያለው ካርቶን ይበቃል። ትንሽ ሰፋ ይላል፣ መስፋቱ ግን ለጥንቃቄ ነው። በእሱ ውስጥ ያለፈውን ሁሉ ከፍ አድርገሽ ቆልፊበት።

ጥያቄ፦ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚያብጠው ዶቃስ?

መልስ፦ አይግዙት። ሆድ ውስጥም ያብጣል፣ አንጀት ይዘጋል፣ ራጅ ላይም በደንብ አይታይም። የአሜሪካ ትልልቅ ሻጮች አማዞን፣ ዋልማርትና ታርጌት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ለልጆች መሸጡን እናቆማለን ብለዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኛ በሽቦ መኪና አድገናል። አሁን ለልጅ ልጄ አንድ ልሥራለት ብል እናቱ «ሽቦ አደገኛ ነው» ብላ ከለከለችኝ። እስቲ አንተ ፍረድ። (አያት፣ ከቅዳሜ ገበያ አካባቢ)

መልስ፦ አባቴ፣ አንቱ ይሥሩለት፣ እሷን እኔ እለምንልዎታለሁ። የሽቦ መኪና ባትሪ የለው፣ ማግኔት የለው፣ ቀለም የለው። ስንጥቁም ብልሽቱም ከሩቅ ይታያል። ልጅቷም ግን ጨርሳ አልተሳሳተችም፤ ሽቦ ጫፉ ዓይን ይወጋል። ጫፍ ጫፉን በጉጠት አጥፈው ወደ ውስጥ ይመልሱት፣ ከዚያ መዳፍዎን ዙሪያውን ያስኪዱበት። የቆርኪ ጎማ ይቅርብዎ፣ ጠርዙ ይቆርጣል። ካረጀ ነጠላ ጫማ ክብ ክብ አድርገው ይቁረጡለት። መሪውን ደግሞ ረዘም ያድርጉት፣ ሲነዳ እንዳያጎብጠው።